ሰው ያየ በዱላ በረየ

ትርሲት ይህን ሕልም ያየችው ሌሊት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው ያየችው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል፤ ውሻው እንኳ ለመጮኽ ይሰንፋል። እሷም ሳቢያን ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ፍራሿን ከአልጋው ወደ ወለሉ አውርዳ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቷ አዙራ ተጋደመች። የተጋደመችው ግን ተናድዳ ነበር።

ያናደዷት ጓደኞቿ ናቸው። ትርሲት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከባጃጅ ነጂው ከኢብሳና ላብራቶሪ ከምትሠራው ከረምላ ጋር ጠረጴዛ ከበው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ጨዋታው ስክሪን የለውም። አንዱ ተራኪ ሆኖ ዓለሙን ይፈጥራል፤ ሌሎቹ ጀግና ሆነው ዓለሙ ውስጥ ይገባሉ። «በሩን ሰብሬ ገባሁ» ይላል ጀግናው፤ ባለ ቁጥር ዳይስ ይወረወራል፤ በወጣው ቁጥር ተሳካለት ወይም አልተሳካለትም ይባላል። ተራኪዋ ትርሲት ናት። ኢብሳ ባለ ጎራዴ ነው፤ ረምላ እሳት የምትወረውር አስማተኛ ናት።

ለዚህ ጨዋታ ብላ ትርሲት ክረምቱን ሙሉ አንድ ሕዝብ ስትፈጥር ከርማለች። እባቦች ናቸው፤ ግን ተራ እባቦች አይደሉም። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱ፣ የሚያስቡ፣ የሚናገሩ፣ የሚከራከሩ። «ልባሞቹ» ብላ ሰየመቻቸው። ከሐይቅ በታች ከተማ ሠራችላቸው። ሲጋቡ ማን ለማን ሽማግሌ እንደሚልክ፣ በምን እንደሚስቁ፣ ለተወለደ ልጅ ስም የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ሁሉን አሰበችላቸው። ጣጣው ምንድን ነው፣ ጓደኞቿ አንድም ቀን እባቡ አፉን እስኪከፍት አይጠብቁም።

የዛሬው ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። የከተማዋን በር የምትጠብቀው አሮጊት እባብ ገና ከጨለማው ብቅ ከማለቷ፣ ኢብሳ «በጎራዴዬ አንገቷን!» ብሎ ዳይሱን ወረወረ።

«ቆይ እንጂ! ልትናገር እኮ ነው» አለች ትርሲት።

«አቦ ትርሲት! እባብ ምን ይናገራል? ጭራቅ ጭራቅ ነው።»

«ሞታለች፣ ሞታለች» አለች ረምላ። «ይልቅ ነጥባችንን ስጪን።»

በጨዋታው ሕግ ጭራቅ የገደለ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥብ የሰበሰበ ጀግና ደረጃው ያድጋል። ትርሲት ሕግ ነውና ነጥቡን ሰጠች። ቤቷ ገባች፤ ምሳዋን እንደ ነገሩ በላች፤ ተናድዳ ተኛች።

ዐይኗን ከመክደኗ አንድ ትልቅ በር ፊት ቆማ ራሷን አገኘችው። ከሐይቅ በታች ናት። ዓሦች ከአናቷ በላይ ያልፋሉ፤ ቀሚሷ ግን ደረቅ ነው። በሩን አየት ስታደርገው ለየችው፤ ራሷ የፈለሰፈችው በር ነው። አንድ ወጣት እባብ እንደ ቄስ ጥምጥም ተጠቅልሎ በሩ ላይ ተቀምጧል። ምላሱን አውጥቶ አየሩን ቀመሰና፣

«የማታውቂውን ንገሪኝ» አላት።

«ምኑን?»

«እዚህ ከተማ የሚገባ የማያውቀውን ነገር ተናግሮ ነው። የሚያውቀውን የሚያወራ አይገባም። ይቅርታ፣ ለሥራው አዲስ ነኝ፤ የቀድሞዋ በረኛ ዛሬ ጠዋት ስለሞተች ነው።»

ትርሲት ዐይኗን ከእሱ አሸሸች። ከበሩ ጎን አንድ ጺማም እባብ ግንቡን ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል።

«እሱ ምን ሆኖ ነው?»

«ሊቅ ነው፣ ምስኪን። ሁሉን ያውቃል። ስንት ጊዜ ቆዳውን የጣለው እዚሁ ውጭ ነው። በቀደም አንድ የማያውቀው ነገር ተገኘ ብለን እልል ስንል፣ እሱ ተመራምሮ ደረሰበትና እንደገና አስቀረነው።»

ትርሲት አሰበች። የእባብን ነገር በትምህርትም በምኞትም ታውቃለች፤ የማታውቀውን ለማግኘት ግን ትንሽ መቆፈር ነበረባት።

«እናንተ የዐይን ቆብ የላችሁም» አለች በመጨረሻ። «ዐይናችሁ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ታዲያ መተኛታችሁን በምን ታውቃላችሁ? ይህን አላውቅም።»

በረኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። «እኔም አላውቅም!» አለ። «በእናቴ፣ እኔም አላውቅም!» በደስታ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት፤ አስከትሎም «እንግዲያ እኔም ልግባ» ብሎ አብሯት ገባ። በሩ ላይ ሊቁ ብቻውን ቀረ።

ከበሩ ማዶ ገበያ ነው። ሻጮቹ ይሸሻሉ፤ ገዢዎቹ ያባርሯቸዋል። አንድ ገዢ የሻጩን ጭራ ጨምድዶ ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ስለ ልጆችህ ብለህ አስወድድልኝ!» ይላል። በሌላው ወገን አንድ የብረት ሣጥን፣ ክዳኑ እየተንቋቋ፣ ጭንብል ያጠለቀ ሌባ ያሳድዳል። «ስረቀኝ! በሞቴ ስረቀኝ!» ይላል ሣጥኑ። ሌባው ዞር ብሎ «ዛሬ ደክሞኛል አልኩህ እኮ፣ ነገ እንተያያለን» ይለውና ይሮጣል። ትርሲት በግድግዳው ጥግ ጥግ ስታልፍ፣ ከቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ ጦር አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ይቅርታ እሜቴ፣ ልወጋሽ ነበር። አሁን ይመችሻል?»

«አሁን እንኳ አይመቸኝም።»

«ምንም አይደል፣ ሲመችሽ» አላትና ተመልሶ ገባ።

ገበያው መቼ እንዳለቀ ሳታውቀው መማሪያ ክፍል ውስጥ ሆነች። ከእንቁላል በቅጡ ያልወጡ ግልገል እባቦች ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ያስተምራሉ፤ ሸምገል ያሉት ወንበር ላይ ተጠምጥመው ይማራሉ። ጠያቂው ይጨበጨብለታል። ጥያቄውን በሌላ ጥያቄ ያስከተለ ደግሞ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ ታዲያ ሳያስበው መልስ ሰጠ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየው።

«ምን አልክ?» አለችው ግልገሏ መምህርት። ግማሽ ቅርፊት አናቷ ላይ እንደ ቆብ ተደፍቷል።

«አመለጠኝ፣ የኔታ።»

«ተንበርከክ!»

«ጉልበት የለኝም።»

«ጉልበት ሳይኖርህ ነው የምትመልሰው?»

ትርሲት ራሷ መምህርት ናትና ሳቋን መያዝ አቃታት። በሳቋ የክፍሉ ጣሪያ ተነሣና ድንኳን ሆነ። የለቅሶ ድንኳን።

እዚያም ቢሆን ነገሩ ግልብጥ ነው። መሐል ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱት በሕይወት ያሉት ናቸው። ዙሪያውን ተሰልፈው የሚያጽናኑት ሙታኑ ናቸው። አንዱ ሟች የአንዱን ኗሪ ትከሻ በጭራው እየዳበሰ፣ «በቃ በቃ፣ መኖር የማይቀር ነው፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው» ይለዋል። ትርሲት ሟቾቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ይኼ ኢብሳ በገደል የገፈተረው የድልድይ ሠሪ ነው። ያቺ ረምላ ከነሙዳይዋ ያቃጠለቻት ሙሽራ ናት። ከጫፍ ላይ ደግሞ አንገቷን በነጠላ የጠቀለለች አንዲት አሮጊት እባብ ተቀምጣለች።

«ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት አሮጊቷ። «ዛሬ ጠዋት የሞትሁት ነኝ። እማማ ልስልስ እባላለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ትርሲት በቀጭን ድምፅ። «ስሙን ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ።»

«ደግ ስም ነው። ተመችቶኛል።» እማማ ልስልስ ምላሷን አውጥታ የትርሲትን ጉንጭ ቀመስ አደረገች፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። «አልተቀየምሁሽም። አንድ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲከነክነኝ ዋለ። አፌን ስከፍት ነው ጎራዴው የመጣው። ልናገር ነበር። ምን ልል ነበር?»

ትርሲት ታስታውሳለች። ያንን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጽፋ ሰርዛዋለች።

«‹ጫማችሁን አውልቁ፤ ልጆች ተኝተዋል› ልትይ ነበር» አለቻት። አንቺ ማለቷን ልብ አላለችውም፤ አሮጊቷም አልከፋት።

እማማ ልስልስ ቃሉን በምላሷ አጣጣመችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጥሩ ቃል ነው» አለች። «አልገባኝም እንጂ ጥሩ ነው። ጫማ ምንድን ነው?»

ትርሲት ልታስረዳት ስትል አሮጊቷ ተነሣች። «ነይ፣ እየሄድን ትነግሪኛለሽ። ከሞትሁ ወዲህ ጊዜ ተርፎኝ ለልጅ ልጆቼ ጨዋታ እተርካለሁ። ይጠብቁኛል።»

ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ደረሱ። ሁለት ወጣት እባቦች ድንጋዩን ከበውታል። ወንዱ ጥምዝ ይባላል፤ ሴቷ ብልጭታ ትባላለች። ዳይስ በጭራቸው ጫፍ ይዘዋል። ትርሲት ዳይሱን ስታይ ደስ አላት፤ ሊጫወቱ ነው፣ ልታይ ነው። እማማ ልስልስ ጉሮሮዋን ጠረገችና መተረክ ጀመረች።

«ከጨለማው ውስጥ አንድ ጭራቅ ብቅ አለ። በሁለት እግሩ ቆሟል። ፀጉር የበቀለበት አናቱ ላይ ብቻ ነው። እንደ ቅርንጫፍ የተንጠለጠሉ ሁለት እጆች አሉት። ሰው ነው።»

ይህን ስትል ትርሲት ጠፍጣፋው ድንጋይ መሐል ላይ ቆማ ነበር። እሷ አነሰች ወይስ እነሱ አደጉ፣ አላወቀችም። የጥምዝ ራስ እንደ ባጃጅ ገዝፎ ከላይዋ ያንዣብባል። ጭራው ላይ የተጠመጠመው ጎራዴ የጨዋታ አይደለም፤ ስለቱ ሲያንጸባርቅ ዐይኗን ወጋት።

«በጎራዴዬ አንገቷን!» አለ ጥምዝ።

«ቆይ እንጂ፣ ልትናገር እኮ ነው» አለች እማማ ልስልስ።

«አያቴ ደግሞ! ሰው ምን ይናገራል? ድምፅ ያወጣል እንጂ አይናገርም። ጭራቅ ጭራቅ ነው።»

«አይታመንም እኮ» አለች ብልጭታ ከድንጋዩ ሸሸት ብላ። «ሰው ያየ በዱላ በረየ ሲሉ አልሰማሽም?»

ጥምዝ ዳይሱን ወረወረው። ዳይሱ እንደ ቋጥኝ እየተንከባለለ በትርሲት አጠገብ አለፈና ቆመ። የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ ለማየት ሁለቱም ጎንበስ አሉ፤ ፊታቸው በራ። ጎራዴው ከፍ አለ። ትርሲት አንድ ነገር መናገር እንዳለባት ገባት። ብልህ ነገር፣ የሚያስቆም ነገር። ጭንቅላቷ ግን እንደ ወና ቤት ጭር ብሎባታል። ከአፏ የወጣው እንዲህ የሚል ነው፦

«ጫማዬን ላውልቅ?»

ጎራዴው አየር ላይ ቆመ።

«ተናገረች» አለች ብልጭታ በሹክሹክታ።

«ድምፅ ነው» አለ ጥምዝ፤ ግን እንደ በፊቱ እርግጠኛ አልነበረም። «ጫማ... ጫማ ምንድን ነው?»

ትርሲት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው ጣቶቿን ሲያዩ ጮኹ። «ልጆቿን እግሯ ላይ ነው የምትይዛቸው!» «አይደለም፣ ጣቶቼ ናቸው።» «ይናገራሉ?» «አይናገሩም።» «ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» ትርሲት ጠይቃቸው እንደማታውቅ አመነች፤ እነሱም በዚህ በጣም አዘኑላት። ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደባት። ስትስቂ ለምን ጥርስሽን ታሳያለሽ፣ ልትነክሺ ነው? ቆዳሽን ሳትጥዪ እንዴት ታረጃለሽ? ምላስሽ ካላሸተተልሽ ሰው መዋሸቱን በምን ትለያለሽ? ያን ጊዜ ትርሲት ፍርሃቷ ጥሏት ሄደ። ክረምቱን ሙሉ ይህን ነበር የተመኘችው፤ የሚጠይቅ። እሷም መልሳ ትጠይቃለች፤ እነሱም ይመልሳሉ። ጎራዴው ቀስ እያለ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተጋደመ።

«በዐይንሽ ላይ ወረድ ከፍ የሚለውስ?» አለች ብልጭታ።

«የዐይን ቆብ ነው። ስንተኛ እንከድነዋለን።»

«ሲከደን የት ትሄጃለሽ?»

«የትም አልሄድ። እዚያው ተኝቼ ሌላ አገር አያለሁ። ሕልም ይባላል።»

«አገሩ ከየት ይመጣል?»

«ከራሴ።»

«እዚያ የሚኖሩትስ?»

«እነሱም ከራሴ።»

ጥምዝ ምላሱን አውጥቶ አየሩን ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ። «አሁን» አላት ቀስ ብሎ፣ «አሁን ዐይንሽ ክፍት ነው ወይስ ክድን?»

ትርሲት ልትዋሽ አሰበች። ግን ከምላሳቸው እንደማታመልጥ አሁን ነግረዋታል።

«ክድን ነው» አለች።

ቃሉ ከድንጋዩ ላይ ወርዶ በከተማው ሄደ። ገበያው ጸጥ አለ፤ ሻጩም ገዢውም ባሉበት ቆሙ። ሣጥኑ ሌባውን ማሳደዱን ትቶ ክዳኑን በእርጋታ ዘጋ። በድንኳኑ የነበሩት ኗሪዎች ልቅሷቸውን ዋጡ፤ ሙታኑም ተነሥተው ከበቧት። «ቀስ በሉ፣ ቀስ!» ይላል አንዱ ለሌላው። «ድምፃችሁን ቀንሱ። አትቀስቅሷት።» ያ ሁሉ እባብ ትንፋሹን ይዞ አንዲት ሰው ላይ አፈጠጠ። አንገቷን ሊቀላ የነበረው ጥምዝ በጭራው ጫፍ ያራግብላት ጀመር፣ ሙቀቱ እንዳይቀሰቅሳት ብሎ።

እማማ ልስልስ አንገቷ ላይ ያለውን ነጠላ ጠበቅ አድርጋ ራሷን ወደ ትርሲት ጆሮ አስጠጋች።

«ልጄ፣ እንዳትነቂ አልልሽም። መንቃት ያለ ነው፤ እኔ ሞትንም አይቼዋለሁ። ብቻ ንገሪን። አንቺ ስትነቂ እኛ የት ነው የምንሄደው?»

ትርሲት ይህን የመሰለ ጥያቄ በሕይወቷ ተጠይቃ አታውቅም። ደግሞም የገረማት፣ መልሱን ታውቀዋለች። ፊት ለፊቷ ቁልጭ ብሎ መጣ። ቀላል ነበር፤ የሚያጽናናም ነበር። እስካሁን እንዴት ሳይታየኝ ቀረ አለች። አፏን ከፈተች፣

«በለው! በለው! ጭንቅላቱን በለው!»

ብድግ አለች። ጩኸቱ የመጣው ከግቢው ነው። ልብሷ በላብ ተጣብቋል፤ መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። «እባብ! እባብ ነው! ኧረ ወደ ጓዳ እንዳይገባ!» የምትለው አከራይዋ እትዬ ዘርፌ ናት። ዱላ ሲያርፍ፣ ድንጋይ ሲወረወር፣ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይሰማል። ትርሲት በባዶ እግሯ በሩን በርግዳ ወጣች፤ ሕልሙ ገና አልለቀቃትም።

«አትምቱት!» ብላ ጮኸች። «መጀመሪያ ጠይቁት!»

ከእንቅልፉ ተነሥቶ ያገኘውን ይዞ የወጣው ጎረቤት ሁሉ፣ ማን ሙቀጫ፣ ማን የበር መወርወሪያ፣ ማን የብረት ወንበር እንደያዘ፣ ዞር ብሎ አያት። እትዬ ዘርፌ የአልጋ ልብስ ተከናንባ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች። ባሏ ጋሽ ወንድይራድ በፒጃማ መሐል ግቢው ላይ መጥረቢያ ይዞ ያለከልካል።

ያን ጊዜ ትርሲት ወደ መሬት አየች። አረንጓዴ ነው፤ ረጅም ነው፤ ከስድስት ከሰባት ቦታ ተቆራርጧል። ከቁርጥራጩ ሁሉ ጥርት ያለ ውሃ ይፈልቃል።

ለካስ ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ መጥቶ ኖሯል። እትዬ ዘርፌ ውሃው ሲመጣ አላመልጠውም ብላ ቧንቧው ላይ እንደገጠመች የተወችው አዲሱ የውሃ ጎማ፣ መጀመሪያ አየሩን «ሽሽሽ» ብሎ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ ግፊቱ ሲመጣበት ራሱን አነሣና በግቢው ውስጥ እየተጠማዘዘ ይዘል ጀመር። የቀረውን ጋሽ ወንድይራድ ጨረሰው።

አሁን ውሃው ከበሩ ሥር ወጥቶ በአሸዋው ላይ ወደ አስፋልቱ እየሄደ ነው። ባልዲ ይዞ የመጣ የለም፤ ሁሉም ዱላ ነው የያዘው። እትዬ ዘርፌ ከጠረጴዛው ሳትወርድ ጎማውን አየች፣ ውሃውን አየች፣ ባሏን አየች።

ጋሽ ወንድይራድ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ፒጃማው ረጥቦ ከእግሩ ተጣብቋል። ማንንም ሳያይ፣ በሙሉ ክብር፣

«ዐይኑን አይቻለሁ» አለ።